የሱቁ በረኪና፣ የጓዳው አቼቶ፣ የገበያው እንዶድ፦ የቱ ዋጋውን ያወጣል?

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው፣ ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው እዚህችው አንብቦ ይሂድ። ቤት ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና፣ በረኪና፣ አቼቶና አንድ ደህና መወልወያ ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ያን በየቀለሙ የተደረደረ ጠርሙስ፣ አንዱ ለመስታወት፣ አንዱ ለምድጃ፣ አንዱ ለሻወር፣ አንዱ ደግሞ ለምን እንደሆነ ስዕሉ እንኳ የማያስረዳውን፣ አገላብጣችሁ ጀርባውን ብታነቡት አብዛኛው ወይ ሳሙና ነው፣ ወይ አሲድ ነው፣ ወይ ክሎሪን ነው። ሽቶና ቀለም ተጨምሮበታል፣ በቃ። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው።

ስለዚህ የምገመግመው ርካሾቹን ነው፤ ከሰፈር ሱቅ፣ ከጓዳና ከገበያ የሚገኙትን። ርካሽ ናቸው ማለት ሁሉን ይሠራሉ ማለት አይደለም። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ሥራ አለ። ከዚያ ስታወጧቸው ወይ አይሠሩም፣ ወይ ዕቃ ያበላሻሉ፣ ወይ ሰው ይጎዳሉ። ብዙ ቤት ደግሞ ለወለሉም በረኪና፣ ለልብሱም በረኪና፣ ለድስቱም በረኪና ነው።

ከእሱው ልጀምር። በረኪና ጀርም ለመግደል በዋጋው አቻ የለውም። ሥራውን የሚሠራው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው የክሎሪን ዘር ነው፤ የቤት በረኪና ውስጥ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ሽንት ቤት፣ የቆሻሻ ባልዲ፣ ሥጋ የተከተፈበት የፕላስቲክ መክተፊያ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ የነካው ወለል... እዚህ ላይ ከ5 ውስጥ 5 እሰጠዋለሁ፤ አልከራከርም።

ግን በረኪና ቆሻሻ አያነሳም። ይሄን ስል ብዙ ሰው ይቆጣኛል። ወለሉ የነጣ ስለሚመስልና ሽታው አፍንጫ ስለሚሰነፍጥ ቤቱ የጸዳ ይመስላል እንጂ ቅባቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቅባት የሚያነሳው ሳሙና ነው። እንዲያውም ክሎሪኑ ቆሻሻ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርስና ለጀርሙ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ በውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ የተበረዘ በረኪና አድርጎ 10 ደቂቃ ያህል መተው። ወዲያው ጠረግ አድርጎ መሄድ ለሽታው ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

የተበረዘ ያልኩትን ደግሞ ልብ በሉ። በረኪናው በእርግጥ 5 በመቶ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ የማትሞላ፣ ለ5 ሊትር ውሃ ይበቃል። ይሄ 0.1 በመቶ ይሆናል፤ በኮቪድ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ለወለልና ለዕቃ ሲመክር የነበረውም ይኸው መጠን ነው። ሰው ግን ግማሽ ጠርሙስ ይገለብጥና ሲያስነጥስ፣ ዓይኑ ሲያለቅስ ይውላል፤ "ዛሬስ በደንብ አጸዳሁ" ይላል። በቀዝቃዛ ውሃ በርዙት። ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ያበላሸዋል፣ ትነቱንም ያባብሰዋል። የበረዛችሁትን በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፤ ለነገ ብላችሁ ብታስቀምጡት ነገ የምታገኙት ደካማ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፣ ወደ አሻሻጡ። በረኪና ብርሃንና ሙቀት አይወድም። ጥሩው በረኪና ብርሃን በማያስገባ ፕላስቲክ የሚታሸገውም ለዚህ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ከጀሪካን እየተቀዳ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል፣ ያውም ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየመታው። እኔም አንድ ጊዜ ሰፈሬ ካለ አንድ ሱቅ የገዛሁት ሽታው ብቻ በረኪና ሆኖ አገኘሁት፤ ባለሱቁ "እሱ አዲስ ነው፣ ትናንት የገባ" ብሎ ድርቅ አለ። መሞከሪያው ቀላል ነው። የማትፈልጉት ጥቁር ወይም ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሳትበርዙ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉበትና ትንሽ ጠብቁ። ቀለሙ ካልለቀቀ የያዛችሁት ውሃ ነው።

የሃይላንዱ ነገር ግን ከገንዘብም በላይ ነው። ውሃ በሚጠጣበት ጠርሙስ ውስጥ፣ ውሃ የሚመስል ነገር፣ ልጅ እጁ በሚደርስበት ቦታ። ከዚህ የባሰ ወጥመድ ሆን ብላችሁ ብትሠሩም አትሠሩም። ባለሱቁ በሃይላንድ ከሰጣችሁ ቤት እንደገባችሁ ወደ በረኪና ጠርሙስ ገልብጡት፣ በትልቁ ጻፉበት፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ልጅ ቢጠጣው ደግሞ ጣት ጉሮሮው ከትታችሁ አታስታውኩት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ልብስ ላይ ያለው ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። ነጭ የጥጥ አንሶላ ላይ፣ ተበርዞ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጥሩ ነው። ሱፍና ሐር ላይ በፍጹም አይሞከርም፤ ክሩን ይበላዋል። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይም አታድርጉ፤ ነጩ ቢነጣ እንኳ ጥለቱ ያለቅሳል። ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር የዝገት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ ወይም የዛገ ቧንቧ ነጭ ልብስ ላይ ያን ቡናማ ነጠብጣብ ሲተው እናቶች ወዲያው በረኪና ያነሳሉ። በረኪና ዝገትን አይለቅም፣ ጭራሽ ያጸናዋል። ዝገት የሚፈልገው አሲድ ነው፤ ሎሚ ጨምቆበት ጨው ነስንሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ከዚያ ማጠብ። በላብ ምክንያት ብብቱ ጋር ቢጫ የሆነ ሸሚዝም እንዲሁ ነው፤ በረኪናው ሲነካው ቢጫው ይብሳል።

እና ትልቁ ነገር። በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅሉ። ከውሃ በቀር። በተለይ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደር የተፈጀበት ያው ጋዝ። አቼቶም አሲድ ነው፣ ሎሚም አሲድ ነው፣ ያ ሽንት ቤት ለማጠብ እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው "አሲድ" ደግሞ የአሲድ አሲድ ነው። አሞኒያ ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎችም ከበረኪና ጋር ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣሉ። የበዓል ዋዜማ ላይ ነው ይሄ ነገር የሚፈጠረው። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይጽዳ ይባልና፣ መስኮት የሌላት የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ አሲዱ ይፈሳል፣ እሱ አላነሳው ሲል በላዩ በረኪናው ይጨመራል፣ በሩ ደግሞ ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ተብሎ ይዘጋል። እንዲህ አይነት ነገር ካጋጠማችሁ ለማጠብ አትታገሉ። ውጡ፣ በሩን ክፈቱት፣ አየር ይግባ።

አሲዱን ካነሳሁ አይቀር እሱንም ልገምግመው፦ ከ5 ውስጥ 1። አንዷንም የሰጠሁት አዲስ ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ስለሚያነሳ ብቻ ነው፤ ያም የባለሙያ ሥራ ነው። ለሳምንታዊ ጽዳት አሲድ መጠቀም ሴራሚኩን ባይጎዳው እንኳ በመሃል ያለውን የሲሚንቶ ሙሌት ይበላዋል፤ ሙሌቱ ሲበላ ውሃው ከሥር ይገባል፤ ከዚያ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያው እየረጠበ እናንተን ይከሳል። የቧንቧውን ኒኬልም ይልጠዋል። እብነ በረድ ካላችሁ ደግሞ አቼቶ እንኳ አታስነኩት። ድንጋዩ ራሱ በአሲድ የሚሟሟ ነው፣ ማንጸባረቁ ከጠፋ አይመለስም።

አቼቶ ከሁሉም የምወደው ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ውሃ ሲደርቅ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ማሟሟት። አዲስ አበባ ውስጥ የገፈርሳና የለገዳዲ ግድብ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ይሄ ብዙም አይገባችሁ ይሆናል፤ የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው የአቃቂ አካባቢ ሰዎች ግን ያውቁታል። ድሬዳዋ ያላችሁማ ለእናንተ ምን እነግራችኋለሁ፣ የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ታውቁታላችሁ። ያ ቅርፊት አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በብረት ሽቦ ብትፈትጉት ማንቆርቆሪያው ይጫራል እንጂ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

እንዲህ አድርጉ። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን እኩል በእኩል ውሃና አቼቶ ሙሉት፣ አፍሉት፣ አጥፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ድፉት። አንድ ሁለቴ ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉበት፣ አለዚያ የሚቀጥለው ሻይ ሰላጣ ሰላጣ ይላል። ቅርፊቱ የሚበላው መብራትም ነው፤ ብረቱን እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነው ውሃው ቶሎ አይፈላም። ውሃው በቀጭኑ የሚንጠባጠብ የሻወር ጭንቅላት ካላችሁ አቼቶ ያለበት ፌስታል እሰሩበትና አሳድሩት፤ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ አድርጉት። አዲስ ከመግዛት ይሄን ሞክሩ። አቼቶ ማባከን ካልፈለጋችሁ ሎሚም ያው ነው፤ ሎሚ በረከሰ ሰሞን ተጨምቆ ያለቀውን ልጣጭ ራሱ የቧንቧው አንገት ላይ ማሸት በቂ ነው። ላቫንዲኖው ፏ ይላል።

አቼቶ ጀርም ይገድላል እያላችሁ በረኪናን በእሱ የምትተኩ ግን ተሳስታችኋል። የተወሰነ ያዳክማል፣ እንደ በረኪና ግን አይታመንም። ቅባትም ላይ ደካማ ነው። ከ5 ውስጥ 4።

ከዚያ ያ የቤኪንግ ሶዳና የአቼቶ ቪዲዮ አለ። ቲክቶክ ላይ ያላየው ሰው የለም። ሶዳው ይነሰነሳል፣ አቼቶው ይፈሳል፣ አረፋው ቡልቅ ይላል፣ "እዩት ቆሻሻውን ሲያወጣው!" ይባላል። አረፋው ቆሻሻ እያወጣ አይደለም። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው ሲያበቃ የቀራችሁ ጨዋማ ውሃ ነው። ሁለት ጥሩ ነገር ገዝታችሁ አንድ የማይረባ ነገር ሠራችሁ ማለት ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው፤ ለየብቻቸው ሁለቱም አሪፍ ናቸው።

ቤኪንግ ሶዳ ለብቻው የፍሪጅ ሽታ ይቀንሳል፣ የተቃጠለ ድስት ላይ ከውሃ ጋር አፍልቶ ማሳደር ቅሪቱን ያላቅቃል፣ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ የተጋገረውን ቡናማ ቀለም በእርጥብ ጣት ፈተግ ሲያደርጉት ይለቃል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። አሉሚኒየም ድስት ላይ አታድርጉት፣ ያጠቁረዋል (የጠቆረ አሉሚኒየም ውስጥ ሎሚ ቆርጣችሁ ከውሃ ጋር ብታፈሉ መልሶ ይበራል)። ደግሞም ሱቅ ሄዳችሁ ሶዳ ስትሉ ቤኪንግ ፓውደር ነው የሚሰጧችሁ። ፓውደሩ ውስጥ አሲድም ዱቄትም አለበት፤ ለኬክ እንጂ ለጽዳት አይሆንም። ማሸጊያውን አንብቡ።

ፈሳሽ ሳሙና ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ላርጎም በሉት ሌላ፣ ሰፈር ውስጥ በጀሪካን የሚሸጠው ሁሉ ዋና ልዩነቱ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት ነው። መወፈሩ አይሸውዳችሁ፤ ጨው ሲጨመርበት የሚወፍር ሳሙና አለ። ዋናው ነገር ሰው ከሚገባው በላይ ያደርጋል። ሴራሚክ ወለል ከተወለወለ በኋላ የሚያጣብቅና የእግር ኮቴ ቶሎ የሚይዝ ከሆነ ቆሻሻው ሳይሆን ያልለቀቀው ሳሙና ነው። ሰው ግን ይሄኔ ጭራሽ ሳሙና ይጨምራል። ንጹህ ውሃ ብቻ ይዛችሁ አንዴ ወልውሉትና እዩት።

አሁን ወደ ገበያው። እንዶድ ዛሬ ዛሬ የሚጠቀም ሰው ቀንሷል፣ ግን መርካቶም ሆነ የክፍለ ሀገር ገበያ ላይ የደረቀው ፍሬ አይጠፋም። ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው። ሸማ ለማጠብ እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ የሚመቸኝ እሱ ነው። ጥጡን አያደርቀውም፣ ጥለቱን አያስለቅስም፣ ነጩም የሚያምር ለስላሳ ነጭ ይሆናል፤ ያ የዱቄት ሳሙና የሚሰጠው ሰማያዊ ነጭ አይደለም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ሥር ማስጣት። ጉዳቱ ጊዜ መውሰዱ ነው። መውቀጥ አለ፣ መዘፍዘፍ አለ፣ ማጥለል አለ፣ ፍርፋሪው ልብስ ላይ ከቀረ ደግሞ መልቀም አለ። ለዘወትር ልብስ አይሆንም። ለሀበሻ ልብስ ከ5 ውስጥ 5።

በዚያ ላይ ታሪክ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው ነው። ከዚያ የተነሳው ምርምር ዓለም ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙበት። የልብስ ማጠቢያ ብሎ የናቀው ሰው ይሄን ይወቅ። ግን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል፤ ዓሣ የምታረቡ ወይም ውሃችሁን ወደ ኩሬ የምትለቁ ከሆነ እጣቢውን እዚያ አትድፉ። ሲወቀጥም አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙ ያስነጥሳል።

ግራዋም አይረሳ። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ጋኑን በግራዋ ቅጠል ነው የሚያጥበው፤ ሻካራ ነው፣ መራራ ነው፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ይሄ እንዲሁ ልማድ ብቻ አይደለም። ሸክላ ቀዳዳ አለው። ሳሙናውን ይጠጣና ለሚቀጥለው ጠላ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ጀበናም ሆነ የሸክላ ምጣድ ሳሙና የማያስፈልገው። ጀበናን በሙቅ ውሃ ማለቅለቅና አፉን ወደ ታች አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ምጣድ ደግሞ በጎመን ዘር ማሰስ፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እርጥብ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ። ሸክላው ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ ያየ እንደሆነ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል።

መወልወያ። እዚህ ላይ ሰው ገንዘቡን ይሰስታል፣ እኔ ግን በጽዳት ዕቃ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ እዚህ አውጡ ባይ ነኝ። የክር መወልወያው ርካሽ ነው፣ ግን ውሃ ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሸተው እሱ ነው፤ ቤቱን በሚሸት ጨርቅ እየዞርን እናጸዳለን። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያለው ጠፍጣፋው የተሻለ ነው። ትልቁ ጥቅሙ በትንሽ ውሃ መሥራቱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሮቶ ውስጥ ያለው ደግሞ ለምግብና ለመታጠቢያ በሚቆጠብበት ቤት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ጨርቁ ወጥቶ ይታጠባል። ስታጥቡት የልብስ ማለስለሻ አታድርጉበት፣ ያደነዝዘዋል። ባልዲውና መጭመቂያው አብሮ የሚሸጠውን ዓይነት ግን አላደንቀውም፤ የያዝኩት የፕላስቲክ ፔዳሉ ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ፣ መለዋወጫም የለውም።

ክረምት ሲገባ የሚጠይቁኝ ሌላው ነገር ሻጋታ ነው። ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ጥቁር ይላል፣ ሰው በረኪና ይቀባዋል፣ ይነጣል፣ ደስ ይላል፣ ከዚያ መስከረም ሳይጠባ ተመልሶ ይመጣል። ሴራሚክ ላይ በረኪና ይሠራል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ላዩን ነው የሚያነጣው፤ ልስኑ ውስጥ የገባው ይቀራል። መጠየቅ ያለበት እርጥበቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ነው? ከጣሪያው አሸንዳ ነው? ወይስ ልብስ ሳሎን ውስጥ እያሰጣችሁ መስኮት ስለማትከፍቱ ነው? ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት፣ አየር ይለፍ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ግድግዳው ይድረቅ። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም እንደ ቆዳ ተልጦ ይወድቃል።

የተዘጋ ፍሳሽ ላይ ካስቲክ ሶዳ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። ቅባትን ወደ ሳሙና ስለሚቀይር ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ውሃ ሲነካው ይግላል፣ አሉሚኒየም ከነካ ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የግድ ከተጠቀማችሁ ሶዳውን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አታፍስሱ፤ ጓንት አድርጉ። እኔ ግን እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ላቫንዲኖው ሥር ጎንበስ በሉ እላለሁ። ያ ጥምዝምዙ ሲፎን የፕላስቲክ ከሆነ በእጅ ይፈታል። ባልዲ ከሥሩ አድርጉ፣ ፍቱት፣ ይዘቱን አውጡት። የምታገኙትን ልንገራችሁ? የቡና አተላና የረጋ ቅቤ። ወጥ የነበረበትን ድስት ሳትጠርጉ አታጥቡ፣ አተላውን ደግሞ አበባ ሥር ድፉት፤ ሲፎኑ ቶሎ ቶሎ አይዘጋም።

ጥገና ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ቤት ውስጥ ይኑር፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴፍሎን። ለእነዚህ ውድ መግዛት አያስፈልግም፣ ካቻቢቴው ላይ ብቻ አትሰስቱ፣ ርካሹ ጫፉ ይጣመምና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ባለሙያ መጥራት ነው። የምትንጠባጠብ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ውስጧ ያለችው ትንሽ ጎማ አልቃ ነው፤ አሮጌዋን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ልክ የሆነችውን ይሰጧችኋል። ከመፍታታችሁ በፊት ግን ዋናውን ውሃ ዝጉ። ቆጣሪው ጋ ያለው መዝጊያ የት እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቅ፣ ቧንቧ ሌሊት ሲፈነዳ መፈለጊያ ጊዜ የለም።

የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ሳታውቁት የሚያፈስ ከሆነ የውሃ ሂሳባችሁ ያሳብቃል። መፈተኛው ነጻ ነው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ድፉ፣ ግማሽ ሰዓት አታፍስሱ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ ቀይ ካለ ከሥር ያለው የጎማ መዝጊያ አልቋል፣ ቀይሩት። ቴፍሎኑን ደግሞ የቧንቧው ጥርስ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልሉት፤ በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታጠብቁት ተፈትቶ ይወጣና እንደገና ትጀምራላችሁ።